የዕለቱ ሳሙና

ይድረስ ለጋሼ፤

እኔ ከናፍቆታችሁና ከሚኒያፖሊስ ብርድ በቀር ደኅና ነኝ።

በምግብ ቤቱ ከሳህን አጣቢነት ወደ ሰሌዳ ጸሐፊነት ማደጌን ስትሰማ «እኔ ነኝ ያስተማርኩት!» ማለትህ አይቀርም። ቆይ፣ ጨርስ። በመጀመሪያው ቀን ሾርባው ምስር ነው ተባልኩ። «ሱፕ» ልጽፍ በ«ዩ» ፋንታ «ኤ» ከትቼ «ሶፕ» ጻፍኩ፤ «የዕለቱ ሳሙና፦ ምስር»። ከሥሩ ደግሞ ማጣጣሚያ በነፃ ለማለት «ደዘርት» ስጽፍ አንዷን «ኤስ» ዋጥኳት፤ ለበላ ሁሉ በረሃ በነፃ! ሰዉ ፎቶ ያነሳል፤ እኔ የእጅ ጽሕፈቴን ያደነቁ መስሎኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አመሰግናለሁ።

አንድ ሽማግሌ ጠሩኝና በቁም ነገር፣ «ሶፑ አረፋ አለው?» አሉኝ።

የዘዬ ጉዳይ መስሎኝ፣ «ሲፈላ ይወጣዋል፤ ገፈን እንጥለዋለን» አልኳቸው።

«በረሃውስ?»

«ከምግብ በኋላ ነው የሚመጣው። እዚሁ ነው የምንጋግረው፤ ክሬምም አለው።»

ሰውዬው እንባቸውን ጠረጉ። ቢ 29 ሳሙና ቀቅዬ ባቀርብላቸው ኖሮ እንዲህ አይስቁም ነበር! ከ1946 ጀምሮ ስኳር በሚሠራበት በወንጂ ጎረቤት አድጌ በጣፋጭ ልዋረድ? በረሃውስ ይሁን፤ ከመተሐራ ወዲያ በነፃ ነው።

ለካ ጡረታ የወጡ መምህር ኖረዋል፤ ያንተው ቢጤ። ባለ አንድ «ኤስ»ዋ በላቲን «የተተወ» ከሚል፣ ባለ ሁለቷ በፈረንሳይኛ «ገበታ ማንሳት» ከሚል መጣች አሉኝ። ማታ ገበታውን አንስቼ ባዶ ፌርማታ ላይ ቆሜ ሳስበው ሁለቱም ስለ እኔ ነበሩ። ለእማዬ ስታነብላት ይህችን መስመር ዝለላት፤ ሳሙናውን ድገምላት። ለሰፈራችን ባለ ጋሪ ግን እንዳትነግር፤ ሳይመሽ አዳማን ያዳርሰዋል።

አንተም ብዙ አትሳቅ። ማድ ቤታችንን ማደሳችሁን በእንግሊዝኛ ስትነግረኝ «ቺክናችንን አፍርሰን በብሎኬት እየሠራነው ነው» ያልክበት መልእክት እጄ ላይ አለ። ዶሮዋ ቆርቆሮ ለበሰች?

ደግሞ የእኛስ ፊደል መቼ ታመነ? አምና «ገና እመጣለሁ» ብዬ ብልክ አጥብቀህ አንብበህ እማዬን በግ ያስገዛሃት አንተ አይደለህም?

ዘንድሮም ገና እመጣለሁ። ላልቶ ይነበብ፤ በግ እንዳይገዛ።

ወንድምህ