የሚሄድ ሰው ተገኘ

ሳሊተ ምሕረት አካባቢ አንድ ልጅ ውጭ አገር የመማር ዕድል አገኘ ከተባለ ወሬው ከቪዛው ቀድሞ ይደርሳል። ቪዛው ሳምንታት ይፈጃል፤ ወሬው ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተነስቶ ሲኤምሲ ለመድረስ አንድ የእሑድ ቅዳሴ ይበቃዋል። «ለንደን የሚሄድ ሰው ተገኘ!» ይባላል። ከዚያ በኋላ የቤቱ በር አያርፍም፤ ፌስታል የያዘ ይገባል፣ ፌስታሉን ያስቀመጠ ይወጣል። ባለፈው መስከረም የተገኘችው ሰው የእህቴ ልጅ ነበረች። የምትሄደው ለአንድ ዓመት የማስተርስ ትምህርት ነው፤ እሷማ እንደዚያ መስሏት ነበር።

ይህን ልማዳችንን የሚያማርሩ ሰዎች አሉ። ውለታ ቢሶች ናቸው። እስቲ ከእኛ ሰፈር ሌላ፣ ለተማሪ ይህን ያህል የሚያስብ ሕዝብ የት አለ? አውሮፕላኑ የሚፈቅደው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች እንደሆነ ጎረቤቶቻችን ከተጓዧ በፊት ያውቃሉ። 46 ኪሎውን የሚደለድሉትም እነሱ ናቸው። ከጓሮ ያሉት እማማ ለልጃቸው ሽሮ፣ እትዬ ለእህታቸው በርበሬና ድርቆሽ፣ የእድራችን ጸሐፊ ለወንድማቸው ጀበና ከነማቶቱ። ሁሉም «ምን አላት፣ ትንሽ ናት እኮ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ እያንዳንዷ ትንሽ ናት። ሚዛኑ ግን የሚያየው ድምሩን ነውና የልጅቷ ካፖርት ወጣ። ካፖርት እዚያው ይገዛል፣ ሽሮ ግን አይገኝም ተባለ። ለንደን ውስጥ ሽሮም በርበሬም የሚሸጡ የሐበሻ ሱቆች አሉ ብዬ ብናገር «የዚያ አገሩ መች ይጥማል!» ተባልኩ። ቅቤና ቋንጣም አልቀሩም። ብሪታንያ ከእኛ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ ማስገባት በሕግ ትከለክላለች፤ ሰፈራችን ግን ለዚህ ሕግ «በልብስ ትጠቅልለዋ!» የሚል ማሻሻያ አውጥቶለታል።

ትልቁ በረከት የሚታየው እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው። የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪ ለማላመድ አንድ ሳምንት ይመድባሉ። ቤተ መጻሕፍቱ እዚህ ነው፣ የመምህሩ ቢሮ እዚያ ነው ይላሉ፣ ሻይ ያጠጣሉ፣ አለቀ። ከተማ እንዲህ ይለመዳል? የእኛ ሰፈር መርሐ ግብር ግን ተማሪውን በቀጥታ ወደ ተግባር ያስገባዋል። አንዷ ተቀባይ በደቡብ ክሮይደን ናት፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ የማይደርስበት። አንዱ በሰሜን ሃይ ባርኔት ነው፣ መስመሩ የሚያልቅበት። ሌላው በምዕራብ አክስብሪጅ፣ ሌላዋ በምሥራቅ ባርኪንግ። ለመሆኑ የእድራችን ጸሐፊ የለንደንን ካርታ ሳያዩ ወንድማቸውን ከሌሎቹ ሁሉ በተቃራኒ ጫፍ ያስቀመጡት በምን ጥበብ ነው? ከአያት ጦር ኃይሎች ቀጥ ብሎ በሚሄድ ባቡር ያደገች ልጅ፣ በ1863 እ.ኤ.አ. የተጀመረና ዛሬ 272 ጣቢያዎች ያሉት የባቡር መረብ ውስጥ ጀበና ታቅፋ ገባች። በአንድ እጇ ጀበናው፣ በሌላው ስልኳ፤ ማቶቱን ክንዷ ላይ አጥልቃዋለች።

የሰዓትም ትምህርት አለው። የክሮይደኗ «ነገ በሁለት ሰዓት ነይ» አለቻት። ልጅቷ ገና የአዲስ አበባ ሰው ናትና ማለዳ ተነስታ በሁለት ሰዓት በሩ ላይ ተገኘች። ሴትዮዋ ያለችው ግን የእንግሊዝን ሁለት ሰዓት ነው፣ ከቀትር በኋላ። ስድስት ሰዓት ቆማ ጠበቀች። ትምህርቱ ገብቷት ስለነበር የባርኔቱ ሰውዬ «በአሥር ሰዓት» ሲላት በእንግሊዝ አሥር ሰዓት ጠዋት ደረሰች። እሱ ደግሞ አገሩን ያልረሳ ሰው ሆኖ ያለው በእኛው አሥር ሰዓት ነበር። ሌላ ስድስት ሰዓት ጠበቀች። የትኛው ፕሮፌሰር ነው የሁለቱን አገር ሰዓት በሁለት ቀን እንዲህ አድርጎ የሚያስተምር?

የለንደን ጥቁር ታክሲ ሹፌር ፈቃድ ለማግኘት በቻሪንግ ክሮስ ዙሪያ በስድስት ማይል ውስጥ ያሉትን 25,000 ያህል መንገዶች በቃሉ ማጥናት አለበት፤ ብዙዎቹን ሦስትና አራት ዓመት ይፈጅባቸዋል። የእኛ ልጅ እስከ ገና ልትወጣው ምንም አልቀራት። የጎደላት የቤተ መጻሕፍቱ መንገድ ብቻ ነው። ከዚያ የሊድሱ መጣ። «ያው ለንደን አይደል?» ብለው የሰጡ ጎረቤት ነበሩ፤ ሊድስ ከለንደን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚህ ደብረ ማርቆስ እንደ መሄድ። ሁለት ኪሎ በሶ ከበሶው ዋጋ በብዙ እጥፍ በሚበልጥ ትኬት ደርሶ ተመለሰ። በሶው ማለቴ አይደለም፣ ልጅቷ። ተቀባዮቹም ባዶ እጇን የሚሸኙ ሰዎች አይደሉምና «መቼ ነው የምትመለሺው? ለእማማ ጫማና ቫይታሚን አለችኝ፣ ትንሽ ናት» አሏት። እንዲህ ሆኖ ያገር ውስጥ ስርጭቱ በወጪና ገቢ ንግድ ተጠናከረ። በዚህ አያያዝ የመመረቂያ ጽሑፏን በሽሮ ስርጭት ላይ ብትሠራ ማን ይከራከራታል? መስኩን እግሯ እስኪነቃ ጠንቅቃዋለች። የተማሪ ቪዛ በትምህርት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቅድም፤ ደግነቱ የሰፈር አደራ ደመወዝ ስለሌለው ሰዓቱን የሚቆጥር የለም። ዲግሪው ግን የሚያልቀው በ12 ወር ነው፤ እሱን የሚቆጥሩ አሉ።

በ1922 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ለትምህርት የደረሰው መላኩ በያን ኋላ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ ዶክተር ሆነ፤ በ1937 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለአገሩ የሚሟገት ማኅበር ኒው ዮርክ ላይ መሠረተ። ጊዜ ተርፎት መሆን አለበት። በዘመኑ ሳሊተ ምሕረት ሰፈር ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የኦሃዮን የሽሮ ችግር ፈትቶ ይመለስ ነበር።

እስካሁን እየቀለድኩ ነበር፤ አንድ ነገር ግን አያስቀኝም። ከፌስታሎቹ መካከል በፕላስተር ዙሪያውን የተጠመጠመ ካርቶን ነበረ። ያመጣችው ሴት የማን ጎረቤት እንደሆነች እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ የተቀባዩ ስም የለም፣ ስልክ ብቻ። ምን እንዳለበት ስንጠይቅ «ኧረ ምንም፣ የሚበላ ነው» አለች። አውሮፕላን ጣቢያ «ሻንጣሽን ያዘጋጀሽው ራስሽ ነሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። እውነቱን ብትመልስ «አይደለሁም፣ ሰፈሩ ነው» ማለት ነበረባት። ጫት በብሪታንያ ከሰኔ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ የተከለከለ ዕፅ ነው፤ ከጫት የከፋም ይኖራል። የሚያዘው የላከው ሰው አይደለም፣ ሻንጣውን የሚጎትተው ነው። ካርቶኑን ልክፈተው ስል እንደ ባለጌ ታየሁ። የሰው ልጅ በማታውቀው ዕቃ እስር ቤት እንድትገባ አሳልፎ መስጠት ነው ብልግና። ካርቶኑ አልሄደም።

አዲስ ተማሪ ለንደን ላይ የሚቸግረው ሽሮ አይደለም፣ ቤት ነው። ብዙ አከራዮች ብሪታንያ ውስጥ የሚኖር፣ ገቢ ያለው ዋስ ይጠይቃሉ። ቋሚ አድራሻ ሳይኖር ደግሞ የባንክ ሒሳብ መክፈትም ፈተና ነው። ልጅቷ ዋስ ስትፈልግ የሁሉም ተቀባዮች ስልክ በእጇ ነበር፤ ራሷ በየደጃቸው ቆማ ደውላዋለች። «ደርሻለሁ፣ በር ላይ ነኝ» ስትል በመጀመሪያው ጥሪ ያነሱ የነበሩት ሁሉ፣ ለዋስትናው ሲደወልላቸው ሥራ ላይ ነበሩ። እዚህም እማማን «ልጅዎ እስቲ ቢፈርምላት» ብል «ውይ፣ እሱ እኮ ጊዜ የለውም» አሉ። ሽሮ ለመብላት ጊዜ አላጣም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው መስከረም፣ የሚሄደው የማንም ልጅ ይሁን፣ አንድ ሥርዓት ይውጣ። ዕቃ የሚልክ ሰው የተቀባዩን የዋስትና ፊርማ ከዕቃው ጋር ያምጣ፤ አንድ ፊርማ፣ አንድ ኪሎ። ወረቀት ስለማይከብድ ካፖርቱም ሻንጣው ውስጥ ይቆያል። ፊርማ የሌለው ዕቃ በፖስታ ቤት ይሂድ። እዚያ በኪሎ ያስከፍላሉና፣ የእያንዳንዳችን ሽሮ ምን ያህል አንገብጋቢ እንደሆነ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ይለያል።