ማንም ሳያይዎት እንዴት ይወድቃሉ? ለጀማሪ የበረዶ ተንሸራታች የተሰጠ ምክር

ዴንቨር የሚኖር አበሻ ስኪን የሚያውቀው መሪ ጨብጦ ነው። የበረዶው ወቅት በመጣ ቁጥር ከኤርፖርት ተሳፋሪ ያነሳል፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ቦርሳ እየታገለ ይጭናል፣ በአይ-70 አውራ ጎዳና ሽቅብ ይነዳና የስኪ ከተሞቹ ቬይል ወይም ብሬከንሪጅ አራግፎ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ በየትኛው ሰዓት እንደሚጨናነቅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በረዶው ላይ ግን ቆሞ አያውቅም። አንድ ቅዳሜ ታዲያ፣ “እነዚህ ሰዎች ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚከሰክሱት ምን አግኝተው ነው?” የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። ይህ ምክር ለዚያ ሰው ነው።

ከሁሉ በፊት ለማንም አይንገሩ። ብቻዎን የሚሄዱት ብቸኝነት ናፍቆዎት አይደለም፤ ሲወድቁ የሚያውቅዎት ሰው እንዳያይ ነው። የዕድር ገንዘብ ያዥ የሆነ፣ ለሽምግልና የሚላክ ሰው፣ ንፍጡን ያልጠረገ የአምስት ዓመት ሕፃን በግራው ሽው ብሎ ሲያልፈው መታየት የለበትም። ስለዚህ ለባለቤትዎ “ዛሬ ኦቨርታይም አለብኝ” ይበሉ። የትኛው ተራራ እንደሄዱ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ የሚያውቅ አንድም ሰው አይኑር። እግርዎ ተሰብሮ ቢቀሩ እንኳ ክብርዎ አልተሰበረም።

የሚሄዱትም በራስዎ መኪና ይሁን። በበረዶው ወቅት ቅዳሜና እሑድ ከዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን ተነስቶ ወደ ተራሮቹ የሚወጣ፣ ስኖውስታንግ የሚባል የመንግሥት አውቶቡስ አለ፤ ወደ ዊንተር ፓርክም ባቡር ይሄዳል። ግን እዚያ ውስጥ የአገር ልጅ ቢያጋጥምዎትስ? ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ ድረስ፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው የአይ-70 መንገድ የሚያልፍ መኪና ለበረዶ የሚሆን በቂ ጥርስ ያለው ጎማ ወይም ሰንሰለት እንዲኖረው ሕግ ያዛል። የእርስዎ ጎማ ቢፈነዳ ኖሮ ይቀይሩት ነበር፤ ተላጭቷል፣ ግን ገና አልፈነዳም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይነሱ። ያን ጊዜ የዴንቨር ሕዝብ በሙሉ መንገድ ላይ ስለሚሆን ብቸኝነት አይሰማዎትም።

ከፍታው ያስቸግራል የሚሉዎትን አይስሙ። እርስዎ የሽሮ ሜዳ ልጅ ነዎት፤ እንጦጦን በእግርዎ ወጥተዋል። እርግጥ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ብሬከንሪጅ ከተማው ራሱ 2,900 ሜትር አካባቢ ነው፤ ተንሸራታቹን ሽቅብ የሚያወጣው ከፍተኛው የወንበር ሊፍት ደግሞ እስከ 3,900 ሜትር ያደርሳል። የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር ጀምሮ ሰው ሊይዝ ይችላል። እርስዎም ለዓመታት የኖሩት 1,600 ሜትር ላይ ባለችው ዴንቨር ነው፤ ሰውነት ደግሞ የለመደውን ከፍታ በሳምንታት ውስጥ ይረሳል፣ የትውልድ ሰፈር አያውቅም። ሆኖም ራስዎን መውቀር ሲጀምርዎት፣ ሲያቅለሸልሽዎት፣ “ጠዋት ቡና ሳልጠጣ ወጥቼ ነው” ብለው ይለፉት። ቡናው ካላሻለዎት ቢራ ይጨምሩበት። ውኃ የጠጣ ሰው ሽንት ቤት ይሄዳል፤ በስኪ ጫማ ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ ደግሞ ራሱን የቻለ ስፖርት ነው።

ልብስ ላይ ብዙ አይጨነቁ። ጂንስ ሱሪ፣ የጥጥ ቲሸርት፣ ሲብስ እናትዎ የላኩልዎትን ጋቢ ደረብ ያድርጉ። ጥጥ ላብና በረዶ ይጠጣል፣ የጠጣውንም አይለቅም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ከጉልበትዎ በታች ያለው ሱሪ ብቻውን ይቆማል። ካልሲ ሁለት ይደርቡ። የስኪ ጫማ የሚወደው አንድ ስስ ረጅም ካልሲ ነው፤ ሁለት ሲሆን ይታጠፋል፣ ይቆረቁራል፣ ደም ይይዛል፣ እግሩም የበለጠ ይበርደዋል። ሰንስክሪን አይቀቡ፤ ጥቁር ሰው ፀሐይ አይፈራም። አዲስ የጣለ በረዶ ያረፈበትን አልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ወደ ፊትዎ እንደሚልክ፣ ያለ መነጽር የዋለ ዓይንም ማታ እያነባ አልገለጥ እንደሚል የሚያወሩት ነጮች ናቸው።

አሁን ዋናው ቦታ ደረስን፤ የስኪ ዕቃ ኪራይ ቤቱ። እዚህ ቅጽ ይሰጥዎታል። ስም፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ዕድሜ፣ ከዚያ “ምን ዓይነት ተንሸራታች ነዎት?” የሚል ጥያቄ ከሦስት ምርጫ ጋር። ቀስ ብሎ የሚሄድ ጥንቁቅ አንደኛ፣ መካከለኛው ሁለተኛ፣ ፈጣንና ደፋሩ ሦስተኛ። ከባንኮኒው ማዶ ያለው ወጣት የጻፉትን ከጫማዎ ርዝመት ጋር በሰንጠረዥ ላይ ያመሳክርና ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘውን መቆለፊያ በካቻቢቴ ያስተካክላል። መቆለፊያው ላይ ትንሽ መስኮት አለች፤ በመስኮቷ ውስጥ ቁጥር ይታያል። ቁጥሩ ሲያንስ መቆለፊያው ቶሎ ይለቃል፤ ሲበዛ በብዙ ኃይል ካልሆነ አይለቅም። ሰው ሲወድቅ ስኪው ከእግሩ ወልቆ የሚሄደው በዚህች ቁጥር ልክ ነው። ሳይወልቅ ከቀረ፣ ያ ረጅም ነገር ወደ አንድ ወገን ይዞራል፣ የሰውየው ገላ ወደ ሌላው ይዞራል፣ መሐል ላይ ያለው ጉልበት ነው።

እንግዲህ ይዋሹ። “ጥንቁቅ” የሚለውን መምረጥ ለወንድ ልጅ ነውር ስለሆነ ሦስተኛው ላይ ምልክት ያድርጉ። ክብደትዎን የሚያውቁት በኪሎ ነው፣ ሳጥኑ የሚጠይቀው በፓውንድ ነው፤ 80 ብለው ይጻፉ። ልጁ ቀና ብሎ አይቶዎት ካላረመው በአንድ ሕፃን ልክ ያጠብቅልዎታል፣ ስኪውም በየአሥር እርምጃው እየወለቀ ጥሎዎት ይሄዳል። ዕድሜ ላይ ደግሞ ችግር የለብንም፤ ከአንድ በላይ አለን። በሰንጠረዡ 50 ለሞላው ሰው ቁጥሩ ዝቅ ይደረጋል፤ እርስዎ ግን በፓስፖርትዎ ገና 44 ነዎት። በፓስፖርትዎና በእናትዎ አፍ መካከል ያለችውን ልዩነት ጠንቅቆ የሚያውቀው ጉልበትዎ ብቻ ነው፣ እሱንም ማንም አይጠይቀውም።

ትምህርት አይግቡ። አርአያ ካስፈለገዎት ሮቤል ተክለማርያም አለ፤ በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። “አበሻ ከፈለገ ይችላል” ብለው ይነሱ። ሮቤል በልጅነቱ አሜሪካ ገብቶ ሌክ ፕላሲድ አካባቢ ስኪ እየተማረ ማደጉን፣ የተወዳደረውም በአገር አቋራጭ ስኪ እንጂ ከተራራ ቁልቁል በሚወረድበት አለመሆኑን አያንሱት። ለነገሩ፣ በየተራራው ለጀማሪ የተዘጋጀ የቡድን ትምህርት አለ፤ ብዙ ጊዜም ከሊፍትና ከዕቃ ኪራይ ጋር ተጠቃሎ ይሸጣል። እዚያ ቡድን ውስጥ ያለው ሁሉ ጀማሪ ነው፣ ሁሉም ይወድቃል፣ የአባትዎን ስም የሚያውቅ የለም። መደበቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ አልተሠራም። ይህን ግን እኔ አልነገርኩዎትም። እርስዎ ለዕለቱ ቲኬት መስኮት ላይ ይሰለፉ፤ በትልልቆቹ ቦታዎች ከ200 ዶላር በላይ ከፍለው፣ ቀኑን በሙሉ የማይወጡበትን ተራራ ይከራያሉ።

ሊፍቱ ጋ ሲደርሱ ብቻውን ለመጣ ሰው የተለየ ሰልፍ አለ፤ ባዶ የቀረውን አንድ ወንበር ለመሙላት ስለሆነ ቶሎ ይሄዳል። ብቻ መሄድ ያለው ትርፍ ይኸው ነው ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ አይጠቀሙበት፤ ከቤተሰብ መሐል ይሰለፉ። ወንበሩ አይቆምም፤ እየዞረ መጥቶ ከኋላ ባትዎን ይገጭዎታል፣ ያኔ መቀመጥ ነው። የስኪ ዘንጎቹን በአንድ እጅ ይዞ በትከሻ በኩል ዞሮ ማየት ይረዳል። ሊፍት የሚያስነሳውን ልጅ “ጀማሪ ነኝ” ቢሉት ፍጥነቱን ይቀንስልዎት ነበር፤ “ጀማሪ ነኝ” ማለት ግን ካልፈለግናቸው ነገሮች ዋናው ነው። ሽቅብ ሲሄዱ መልክዓ ምድሩን ቪዲዮ ይቅረጹ። ጫፍ ላይ “ተነሱ” የሚል ምልክት ሲመጣ ስልኩን ኪስ ለመክተት ይቸኩሉ፣ ጓንትዎ ይውደቅ፣ ለማንሳት ያጎንብሱ። ሊፍቱ ይቆማል። ከእርስዎ በኋላ ያለው ሕዝብ ሁሉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ በብርድ እየተወዛወዘ ማን እንደሆነ ለማየት አንገቱን ያሰግጋል። ማንም ሳያየኝ ብለው አልነበር የመጡት?

ከላይ ምልክቶች አሉ፤ አረንጓዴ ክብ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን፣ ጥቁር ዳይመንድ። ዙሪክ ለሚኖረው የአጎትዎ ልጅ ይደውሉለት። እሱ “ሰማያዊው የጀማሪ ነው፣ አትፍራ” ይልዎታል፤ እውነቱን ነው፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ቀላሉ ሰማያዊ፣ መካከለኛው ቀይ፣ ከባዱ ጥቁር ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ግን ቀላሉ አረንጓዴ ነው፣ ሰማያዊው የመካከለኛ ነው። የዘመድ ምክር ሁልጊዜ ከልብ ነው፤ በሰማያዊው ይውረዱ።

አስተማሪዎች ለሕፃናቱ “ፒዛ ሥሩ” ይላሉ። የስኪዎቹን ጫፍ አቀራርቦ ከኋላ መክፈት ነው፤ ፍሬን ማለት እሱ ነው። እርስዎ ግን እግርዎን ግጥም አድርገው ፊት ለፊት ቁልቁል ይልቀቁት። ፍርሃት ሲመጣ ሰውን ወደ ኋላ ይስባል፤ ይታዘዙት። ስኪ ለመታጠፍ ክብደቱ ወደ ፊት ማረፍ አለበት፤ ወደ ኋላ ሲለጠጡ ጫፉ ይቀልና በራሱ ፈቃድ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ሲያሳፍሩ ኖረው ዛሬ ተሳፋሪው እርስዎ ነዎት፣ ሹፌር ግን የለም። ከፊት ሰው ካለ ቅድሚያው የእሱ ነው፤ መጠንቀቅ ያለበት ከላይ የሚመጣው መሆኑ በኮሎራዶ የ1979 የስኪ ደህንነት ሕግ ውስጥ ሰፍሯል። ሰው ገጭተው ጎድተው ስምና አድራሻ ሳይሰጡ መሄድም ያስቀጣል። እንደምገምተው ለማምለጥ የሚበቃ ችሎታ ቢኖርዎት መጀመሪያውኑ አይገጩም ነበር። ጡሩምባ ስለሌለዎት “ዞር በል! ዞር በይ!” እያሉ በአማርኛ ይጩሁ። ተራራው ላይ አንድ አበሻ ካለ ዞሮ የሚያይዎት በዚያች ቅጽበት ነው።

ከወደቁ በኋላ ስኪዎቹ ቁልቁል እንዳፈጠጡ ለመነሳት ይታገሉ። አግድም አዙረዋቸው፣ ከቁልቁለቱ ወገን አድርገዋቸው ቢነሱ ይቆማሉ፤ ያለዚያ ተነሱ ሲባል እንደገና ጉዞ ነው። ሲደክምዎት ከላይ የሚመጣ ሰው ሊያይዎት በማይችልበት ጉብታ ሥር ቁጭ ይበሉ፣ ሲጋራ ቢጤም ይፈልጉ።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ፌዙን ልተወው። ሰው እንዳያየኝ ብለው ወደ ዛፎቹ መሐል አይግቡ። ከትልልቅ ጥዶች ሥር፣ ቅርንጫፉ በጋረደው ቦታ፣ ያልጠነከረ በረዶ የሸፈነው ጉድጓድ አለ፤ ከላይ ሲያዩት ሜዳ ነው። በጭንቅላቱ የተደፋበት ሰው የሚጨብጠው የለም፣ በታገለ ቁጥር በረዶው ይናድበታል፣ ትንፋሹንም ይዘጋዋል። ጎበዝ ተንሸራታቾች ሞተውበታል። ከጎኑ ጓደኛ ያለው ይጎተታል፤ ብቻውን የሄደውን የሚጎትተው የለም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ጃኬት ለብሰው፣ ነጭ መስቀል ጀርባቸው ላይ ያለ ሰዎች ይመጣሉ፤ የነፍስ አድን ጠባቂዎቹ ናቸው። “ደህና ነህ?” ሲሉዎት ጉልበትዎ አብጦ ሱሪው እየጠበበ እንኳ “ደህና ነኝ፣ ትንሽ ላርፍ ነው” ይበሉ። ሲያዩዎት ያውቃሉ፤ ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በቀበቶ አስረው፣ በሚጎተት አልጋ ያወርዱዎታል። የቀኑ ምርጥ ቁልቁለት ይህ ነው፤ ሳይወድቁ ከላይ እስከ ታች የወረዱበት ብቸኛው እሱ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሲያነክሱ የሚያይ አይጠፋም። “ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ነው” ይበሉ። ሕመሙ ሲተውዎት ወሬው ይቀየራል፤ ቡና እየተጠጣ ስለ ተራራ ሲነሳ፣ ፊትዎን ሳይለውጡ “ስኪ? አዎ፣ አልፎ አልፎ እወጣለሁ” ይበሉ። ጓደኛዎ ዓይኑ ይበራል። “እባክህ አንድ ቀን ውሰደኝና አስተምረኝ” ይልዎታል። እሺ ይበሉት። ቅጹን እርስዎ ይሙሉለት፣ ሦስተኛውን ዓይነት ይምረጡለት፣ በቀጥታ ሰማያዊው ላይ ያውጡት፣ ስልክዎንም ቻርጅ አድርገው ይሂዱ፤ ሲወድቅ የሚቀርጽ ሰው ያስፈልጋል።