ምን አገባህ፣ ና ብላ!

ለበዓል ከከተማ የሚወጣ ጎረቤት ሲሊንደሩን ይዘጋል፣ ቆጣሪውን ያጠፋል፣ ውሻውን ያስራል። ከሦስቱ ምሳ የሚፈልገው አንዱ ብቻ መሆኑ ግን ሻንጣውን ታክሲ ላይ ሲጭን ትዝ አይለውም። ኋላ ትዝ የሚለን እኛ ግድግዳ የምንጋራው ነን።

አራተኛ ፎቅ ላይ ከኔ ጎን የሚኖረው ሰውዬ ውሻውን «ምን አገባህ» ብሎ ሰይሞታል። በአገራችን የውሻ ስም ለውሻው ተብሎ አይወጣም፤ አድራሻው ጎረቤት ነው። ድንበር የገፋበትን ሰው ፊት ለፊት መናገር የከበደው ገበሬ አመሻሽ ላይ ደጁ ቆሞ «ሥራህ ያውጣህ! ኧረ ሥራህ ያውጣህ!» እያለ ይጣራል። ሰደበኝ ብሎ የሚከስ ቢመጣ መልሱ «ውሻዬን ነው የጠራሁት» ነው፤ ምስክሩም ጭራውን እየቆላ ከች ይላል። የኔው ጎረቤት ይህን ወግ ኮንዶሚኒየም ድረስ ስላመጣው አላማውም። ለፋሲካ ቢሾፍቱ ሲሄድ ግን መልእክቱን በረንዳ ላይ አስሮልኝ ሄደ።

የመጀመሪያውን ማታ ጮኸ። በነጋታው ደወልኩ።

«ውሻህ እየጮኸ ነው።»

«ጎበዝ! ሥራውን እየሠራ ነዋ።»

«የሚጮኸው ሌባ አይቶ አይደለም፤ ምግብ አጥቶ ነው።»

«በምን አወቅህ? የውሻ ቋንቋ ትችላለህ?»

«አልችልም። ግን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ሳያቋርጥ የሚመጣ ሌባ የለም። ሌባም ሻይ ይጠጣል።»

«ምግብ አስቀምጬለት ነው የመጣሁት። የአራት ቀን!»

«ውሻ ዕቁብ አያውቅም፤ የአራቱን ቀን ዕጣ በመጀመሪያው ማታ አንስቶታል።»

«ዘበኛው ያየዋል፣ አታስብ።»

«ማየቱንማ ያየዋል። ዘበኛው ከታች ቀና ብሎ ያየዋል፣ እሱም ከላይ ዘንበል ብሎ ያየዋል። ሁለቱም ማን ምሳ እንደሚያመጣላቸው ነው የሚጠባበቁት።»

«ውሻ ታማኝ እንስሳ ነው ወንድሜ፤ ይጠብቀኛል።»

ይቺንማ ስጠብቃት ነበር። ቶኪዮ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ሐውልት የቆመለትን ሃቺኮን ያልሰማ የውሻ ወዳጅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1925 ጌታው ሥራ እንደሄደ ቀረበት፤ ውሻው እስከ 1935 ድረስ ጣቢያው ላይ እየተመላለሰ ጠበቀው። «ልዩነቱን ልንገርህ?» አልኩት። «የሃቺኮ ጌታ ያልተመለሰው ሞቶ ነው። አንተ ሐይቅ ዳር ክትፎ እየበላህ ነው። ደግሞ ሃቺኮ አልታሰረም፤ የጣቢያው ሰዎችም ያበሉት ነበር።»

«ታዲያ አንተስ አብላልኛ!»

«ቁልፍ ትተህልኛል?»

«ቁልፍማ እንዴት ይተዋል፣ ዘመኑን እያየህ!»

«ቁልፍህን አላምን ብለህ ጩኸትህን አምነህ ሰጠኸኝ።»

ዘጋው። ኔትወርክ ነው ይበል።

በረንዳችንን የሚለየው እስከ ወገብ የሚደርስ ግንብና ከላዩ ያለው ፍርግርግ ብረት ነው። ገመዱ አንድ ጫፉ አንገቱ ላይ፣ ሌላው ጫፍ የዲሹ ዘንግ ላይ ነው። ውሻው አላፊ አግዳሚ ባየ ቁጥር ዘንጉን ሲዞር፣ ሲዞር፣ ገመዱ ተጠምጥሞ ተጠምጥሞ የቀረለት አንድ ክንድ ብትሆን ነው። እንደ መጣበት ተመልሶ መፍታት የሚባለውን ሒሳብ አያውቅም፤ እሱ ወደፊት ብቻ ነው። ውሃው ለሁለት በተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነበር የተቀመጠለት። ገመዱ ጠልፎ ደፍቶታል፤ ሲሚንቶው ላይ የደረቀ የውሃ ቅርጽ ይታያል። በረንዳው ደግሞ በቆርቆሮ ተከድኗል። የሚያዝያ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ዳቦ ይጋገራል። ውሻ እንደኛ ገላውን አልቦት አይበርድለትም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ውሃ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሰውዬው «ምግብ ትቼለታለሁ» ብሎ ሲኮራ የረሳው ዋናውን ነው።

በመጥረጊያ እንጨት ጀሪካኑን አቃናሁ። ውሃ የሚመጣበት ቀን ስለነበር ጎማውን ከቧንቧ ገጥሜ በፍርግርጉ አሾልኬ ሞላሁት። እጄን ግን አልሰደድኩም፤ የተራበና የታሰረ ውሻ አክባሪውንም ይነክሳል፤ ክትባት መውሰዱንም የነገረኝ የለም። ዳቦውን በሩቁ መወርወር ነበረብኝ። የወረወርኩት ከኋላው ስላረፈ አላየውም፣ ስሙን መጥራት ግድ ሆነ።

«ምን አገባህ! ምን አገባህ! ዞር በል! ምን አገባህ፣ ና ብላ!»

ሦስተኛ ፎቅ ልብስ የምታሰጣው ሴትዮ ቀና አለች። «አንተስ ምን አገባህ?» አለችኝ። ሁለተኛ ፎቅ አንዱ መስኮት ከፍቶ «ማንን ነው?» አለ። ውሻው ብቻ ነው ስሙ መሆኑን የተረዳው።

ማታ ደረጃው ላይ የብሎኩ ኮሚቴ አባል አገኘኝ። «ሰው በሚራብበት አገር አንተ ለውሻ ታዝናለህ?» አለኝ። ይህቺ ጥያቄ በየሰፈሩ አለች፤ ስትጠየቅ ጠያቂው ደረቱን ነፋ ያደርጋል። «ለተራበው ሰው ምን እንደሰጠህ ንገረኝና የውሻውን ዳቦ እነጥቀዋለሁ» አልኩት። ሁለት ደረጃ ወርዶ ተመለሰ። «የፈረንጅ ቅንጦት ነው!» አለ። እውነቱን ነው፤ ፈረንጅ ያበዛዋል። የጣልያኗ ቶሪኖ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2005 ውሻውን በቀን ሦስት ጊዜ አውጥቶ ያላንሸራሸረ እስከ 500 ዩሮ ይቀጣል ብላ ደንግጋለች። እኛ ብሎክ በቀን ሦስት ጊዜ የሚንሸራሸር ሰው ራሱ ጡረተኛ ነው። ስዊዘርላንድ ደግሞ ጊኒ ፒግ የምትባለዋን ጅራት የለሽ አይጥ መሳይ ለብቻዋ ማኖር በሕግ ከልክላለች፤ ጓደኛ ያስፈልጋታል ብለው ነው። ይህን የሰማ አንደኛ ፎቅ ያለ ላጤ ጥገኝነት እንዴት እንደሚጠየቅ አጣርቶ ነበር።

ነገር ግን አደራ ከፈረንጅ አልመጣም። አንዲት ላም ያለችው ገበሬ ለቅሶ ሲሄድ እንኳ ሳይሰናበት አይወጣም፤ «እቺን ውሃ አጠጡልኝ» ብሎ ነው። ገጠሩ ለላም ያደረገውን ከተማው ለውሻ አድርግ ሲሉት ቅንጦት የሚሆነው ላሟ ወተት ስለምትሰጥ ይሆን? ውሻውማ የሚሰጠን እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነው።

ሕግ ቢጠቀስ ደግሞ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል፤ «በድንገት አመለጠኝ» ማለት አያድነውም። ያው ሕግ ታዲያ ቀዳዳም አለው፤ ጥፋት የሌለበት ባለቤት የቤት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው አስረክቦ ከካሣው መገላገል ይችላል። የነከሰህን ውሻ ካሣ ብሎ ይሰጥሃል ማለት ነው። ጎረቤቴ ይህን አንቀጽ እንዳያገኘው እየጸለይኩ ነው፤ በነጻ ከማቆየት ወደ ባለቤትነት እንዳልሸጋገር።

በብሎካችን ድመትም አለች፤ የሷ ጉዳይ ይለያል። አንደኛ ፎቅ ያሉት እትዬ፣ ሱባኤ ሲገቡ ድመታቸውን ቤት ቆልፈውባት ነበር የሚሄዱት። አንዴ በዐቢይ ጾም ሲወጡ ደጃፍ ላይ ያዝኳቸው።

«እትዬ፣ ድመቷስ?»

«ድመት ምን ትሆናለች ልጄ፣ አይጥ ትይዛለች።»

«በተቆለፈ ቤት አይጡ በየት ይግባላት? ቀጠሮ ይያዝላት?»

«ሽሮ አድርጌላታለሁ። እኛስ 55 ቀን እየጾምን አይደል?»

«እርስዎ የጽድቅ ተስፋ አለዎት፤ ለሷ ምን ቃል ተገብቶላት ነው?»

እዚህ ላይ ቀልዴን አቁሜ ልናገር። ድመት ጾም አትችልም፤ ፍጥረቷ አይፈቅድላትም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከሥጋና ከዓሣ ካላገኘች ከጊዜ በኋላ ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ፤ ሽሮ ውስጥ የለም። ለጥቂት ቀናት ጭራሽ ካልበላች ደግሞ፣ በተለይ ወፈር ያለችቱ፣ ጉበቷ በስብ ተይዞ ልትሞት ትችላለች። ውሻ ሽሮ ፍትፍት በልቶ ይሰነብት ይሆናል፤ ድመት ግን የፍስክ ፍጡር ናት። ይህን ሁሉ ለእትዬ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን እያጣፉ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከእግር እስከ ራስ አዩኝና፦

«ልጄ፣ ለኔ ድመት ከምታዝን ለራስህ እዘን። እሷስ የሚመለስላት ሰው አላት።»

ተረብ እኔ ነኝ የምጽፈው፤ የሚችሉት እሳቸው ናቸው። ቁልፉን ግን ሰጥተውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በወጡ ቁጥር ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፤ በፌስታል ዓሣም ያስቀምጣሉ፣ «ለሷ ነው፣ ላንተ አይደለም» የሚል ማሳሰቢያ ጭምር።

ያ ሰውዬ ከቢሾፍቱ በአራተኛው ቀን ማታ ገባ። ፊቱ ፀሐይ ነክቶታል፣ ከረጢት ሙሉ ሎሚ ይዟል። ውሻው ገመዱን ሊበጥስ ደረሰ። ሰውዬው በሩን ነካ፣ የቁልፉን ቀዳዳ አየ፣ ዲሹን ቆጠረ፣ ሲሊንደሩን ገፋ አድርጎ ክብደቱን ለካ። ቀጥሎ ወደኔ ዞረ፦

«እንዴት ነው፣ ሌባ አልመጣም?»

«መጥቶ ነበር» አልኩት። «ውሻህን አይቶ አንጀቱ ተላወሰ፤ ዳቦ ወርውሮለት ሄደ።»