የትም ላለመድረስ

የሰውን ልጅ በባሕር ላይ ለዘመናት ሲያንገላታው የኖረው ችግር እነሆ ተወግዷል። ችግሩ መድረስ ነበር። የድሮው ተሳፋሪ ሳውዝሃምፕተን ላይ ይሳፈርና ኒውዮርክ ይወርዳል፤ ሻንጣውን ተሸክሞ፣ ሥራ ፍለጋ፣ ዘመድ ፍለጋ፣ ብዙ ጊዜም ላይመለስ። ምን አደከመው? የዛሬው ዕድለኛ ቅዳሜ ከማያሚ ይነሣል፣ በሳምንቱ ቅዳሜ ማያሚ ይወርዳል። መኪናውን ያቆመበት ቦታ እንኳን አይጠፋውም።

ላይነር የሚባለው ያ የድሮ መርከብ ነገረ ሥራው ሁሉ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ነበር። የመነሻ ቀን አለው፣ የመድረሻ ቀን አለው፤ ሰሜን አትላንቲክ በጥር ቢቆጣም ባይቆጣም ይሄዳል። ለዚህ ግትርነቱ ማዕበል የሚሰነጥቅ ረጅምና ሹል አፍንጫ፣ ወፍራም ብረት፣ በወጀብ የባከነውን ሰዓት የሚያካክስ ትርፍ ጉልበት ያስፈልገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 «ዩናይትድ ስቴትስ» የተባለችው መርከብ ከኒውዮርክ ወደ እንግሊዝ ስትሄድ አትላንቲክን በ3 ቀን ከ10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አቋረጠች፤ አማካይ ፍጥነቷ ከ35 ኖት በላይ፣ በሰዓት 66 ኪሎ ሜትር ግድም ነበር። እስቲ ይታያችሁ፤ በዚህ ሩጫ መሐል ማን ተረጋግቶ ይዋኛል?

በ1958 ጄት አውሮፕላን መንገደኛ ይዞ ውቅያኖሱን ማቋረጥ ሲጀምር የላይነሮቹ ተሳፋሪ ወደ ሰማይ ወጣ። ባለመርከቦቹም መላ አላጡም፤ መድረስን አውሮፕላን ከወሰደው እኛ አለመድረስን እንሽጥ አሉ። ካርኒቫል የተባለው ኩባንያ «ኢምፕረስ ኦፍ ካናዳ» የነበረችውን ላይነር ገዝቶ «ማርዲ ግራ» ብሎ ሰየማትና በ1972 የመጀመሪያ ሽርሽሯን አስጀመራት። መርከቧም ከማያሚ ብዙ ሳትርቅ አሸዋ ላይ ተቀረቀረች። ክፉ ምልኪ ነው ያለ ሰው ከነበረ ተሳስቷል፤ ንግዱ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ በግልጽ ሊያሳይ የሚችል ማስታወቂያ አልነበረም። ኩባንያውም ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ሆኗል።

የፈረንሳይ ኩራት የነበረችው «ፍራንስ» ደግሞ «ኖርዌይ» ተብላ ወደ ካሪቢያን ሽርሽር ስትዛወር ከአራቱ ፕሮፔለሮቿ ሁለቱን ነቀሉላት። ልክ ነው፤ የሚጠብቃት ለሌለ ምን ያስቸኩላታል?

የጥበቡን ጥግ ማየት የሚፈልግ «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ»ን ይመልከት። በ2024 ሥራ የጀመረች፣ እስከ 7,600 መንገደኛ የምትይዝ፣ ሰባት መዋኛ ገንዳና ስድስት የውሃ መንሸራተቻ ያላት ጉድ ናት። ጠቅላላ ቶኔጇ 248,663 ነው፤ የታይታኒክ 46,328 ነበር። ከአምስት እጥፍ በላይ መሆኗ ነው። ነገር ግን ታይታኒክ ከ10 ሜትር በላይ ውሃ ውስጥ ስትጠልቅ፣ ይህችኛዋ 9 ሜትር አካባቢ ላይ ታበቃለች። ባሕሩን ላለመረበሽ ይመስለኛል! (ክፉዎች ግን የካሪቢያን ወደቦች ጥልቀት ስለሌላቸው ነው ይላሉ።) ከላይ ፎቅ በፎቅ ላይ የተከመረውም ለውበት እንጂ፣ በረንዳ ያለው ክፍል በውድ ስለሚሸጥ አይደለም። ወጀብ ቢመጣ ካፒቴኑ መንገዱን ይቀይራል፤ የሚያልፍ ቀጠሮ ስለሌለ የሚቀየም የለም። ባሃማስ ውስጥ ደግሞ የመርከቧ ባለቤት ኩባንያ ለራሱ እንግዶች ያዘጋጀው ኮኮኬይ የሚባል ደሴት አለ፤ ተሳፋሪው ከኩባንያው ገንዳ ወጥቶ ኩባንያው ደሴቱ ላይ ወዳሠራው ገንዳ ይገባል። ዙሪያውን ባሕር አለ አሉ።

ዕረፍት የሚወድን ሰው ምን ብዬ እቃወማለሁ? ገንዘቡ ነው፣ ይንሳፈፍበት። መታገሥ የማልችለው የተውሶ ካባውን ነው። መርከብ ጫፍ ላይ ቆሞ ክንዱን እንደ «ታይታኒክ» ፊልም ዘርግቶ ፎቶ የሚነሣው፣ ለራት ከረባት አስሮ «ውቅያኖስ ላይ ነን» የሚለው ሰው ወደ ማንም አልሄደም፣ ከማንም አልተለየም፤ የስደተኛውን ጉዞ ያለ ስደተኛው ጭንቀት ለብሶታል። ሻጮቹም ላይነሮቹ የሚታወቁበትን ደረጃ፣ መብራትና የካፒቴን ግብዣ በብሮሹር ላይ ይለጥፉለታል። አፍንጫውን ብቻ አልቀዱም፤ እሱ ቦታ ይፈጃል።

እውነተኛውን ላይነር ማየት ለምትፈልጉ፣ ዱባይ ያላችሁ ወገኖች ቅርብ ናችሁ፤ «ኪውኢ2» የተባለችው የቀድሞ ላይነር ፖርት ራሺድ ላይ ታስራ ከ2018 ጀምሮ ሆቴል ሆናለች። ሆቴል እንደሆነች ደግሞ በግልጽ ትናገራለች፣ ይህ ጨዋነት ነው።

በኋላ ቀርነታችሁ ጸንታችሁ እንድረስ ለምትሉ ደግሞ «ክዊን ሜሪ 2» አለች። ስቲቨን ፔይን ነድፏት፣ ሴንት ናዜር ተሠርታ በ2004 ሥራ ጀመረች። የአትላንቲክ ማዕበል እንዳይመታቸው የነፍስ አድን ጀልባዎቿ ከተለመደው ከፍታ በላይ ተሰቅለዋል፤ ለአንድ አልጋ የወጣው ገንዘብም የብዙ ሽርሽር መርከቦችን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። እሷም ብትሆን አልፎ አልፎ ሽርሽር ትወጣለች፤ እንጀራ ነው። ከሳውዝሃምፕተን ኒውዮርክ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰባት ሌሊት ታደርሳለች፤ የውሻ ማደሪያ ስላላት ውሻ ሳይቀር ይደርሳል። ሻንጣ ይዞ ሌላ አገር መውረድ ያማራችሁ ካላችሁ፣ በቋሚ ፕሮግራም አትላንቲክን የምታቋርጥ የቀረችው ላይነር እሷ ብቻ ናት።