ውዳሴ እድ

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው ምድር፣ ሰሊጥ የደረሰ እንደ ሆነ ፍሬው ተራግፎ ሳያልቅ መታጨድ ይገባዋልና፣ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ በማጭድ ያጭዳል፤ ነዶውንም በሂላ አቁሞ ያደርቃል። ስለዚህ በዚያው አገር፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሹም የሆኑት አዛውንት «ሰሊጥ በእጅ ከታጨደ ሰርቨር በእጅ የማይጠበቅበት ምክንያት ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ የሊቅ ጥያቄ ነውና መልስ አላገኘሁለትም።

እኒህ ባሕታዊ በየማታው፣ የቆላው ወበቅ ሳይበርድ፣ በ41 ኮምፒውተሮች ፊት በየተራ ቀርበው የይለፍ ቃል ያስገባሉ፤ ያንኑ ትእዛዝ ፊደል ሳያጓድሉ ይጽፋሉ፤ መዝገቡንም ወደ ፍላሽ ይገለብጣሉ። ካህኑ 41 ኪርያላይሶን ለፈጣሪው እንደሚያደርስ እናውቃለን፤ እርሳቸው ለማን እንደሚያደርሱ ግን አልነገሩንም።

አንድ ወጣት ባለሙያ ተደጋጋሚ ትእዛዛት በአንድ ጽሑፍ ሰፍረው ስክሪፕት ሲባሉ ማሽኑ ራሱ እንደሚፈጽማቸው፣ ስቴቨን ቦርን ያዘጋጀው ሼል የተባለው ትእዛዝ አንባቢም በ1979 እ.ኤ.አ. ከዩኒክስ 7ኛ እትም ጋር እንደ ወጣ፣ ክሮን የተባለውም ዘበኛ ሰው ሲተኛ ነቅቶ እንደሚያሠራ ቢያስረዳቸው፣ በትዕግሥት አድምጠው «እርሱ የተሳሳተ እንደ ሆነ 41ዱን በአንድ ትንፋሽ ያጠፋል» አሉት። እውነት ነው፤ እጅ ግን ርኅሩኅ ናትና የምታጠፋው አንድ በአንድ ነው፤ ደግሞም ጨዋ ስለ ሆነች የበደሏን ምስክር አትተውም፤ ባለጌው ስክሪፕት ግን ምን እንዲያደርግ እንደ ታዘዘ በጽሑፍ ይዞ ይቀመጣል።

ክርክሩ በዚህ አላበቃም። ክሮን 2 ሰዓት ብሎ የሚነሣው በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ስለ ሆነ በባዕድነት ተጠረጠረ፤ ጳጉሜን የሚባል ወር አለማወቁ ሲገለጥማ ከሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን የወጣ መሆኑ ተረጋገጠ። ከሁሉ የከፋ ነውሩ ግን (ይህን የተናገረ ማንም የለም) ቋራ ያለውን ሰርቨር ከመተማ ሆኖ ሲያድስ መኪና፣ ሾፌርና የ3 ቀን የውሎ አበል አለመጠየቁ ነው።

ቢሆንም ሹሙ አዲስ ዕውቀትን የሚንቁ ሰው አይደሉም። ወጣቱ 12 መስመር ጽፎ ባቀረበ ዕለት አሳትመው፣ ፈርመው፣ ማኅተም አስመትተው በመዝገብ ቤት አስቀመጡት፤ ከዚያም ወዲህ በየማታው ወረቀቱን ከፊታቸው ዘርግተው፣ መስመር በመስመር፣ በእጃቸው በ41ዱ ላይ ይጽፉታል።