አሥራ ስድስተኛው የለም

ፊልም የሚጭነውን ልጅ ታውቁታላችሁ። ነቀምትም ኑሩ ጊምቢ፣ ሻምቡም ኑሩ ደምቢ ዶሎ፣ እሱን የመሰለ አንድ ልጅ ሰፈራችሁ ውስጥ አለ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ በቻርጀር፣ በጆሮ ማዳመጫና በሞባይል ሽፋን ተጋርዷል። ፊደሎቹ ተፍቀው ያለቁ ኪቦርድ ያለው ኮምፒውተር አለ፤ ከኮምፒውተሩ ጀርባ አንገቱን የደፋ ልጅ አለ። ፍላሽ ትሰጡታላችሁ። "ምን ልጫን?" ይላል። "የኮሪያ ተከታታይ" ትላላችሁ፤ ቶሎ ብላችሁም "ለልጆቹ ነው" ትላላችሁ። ከእናንተ ቀድመው የወጡት ባለ ጋቢ ሽማግሌም ለልጆቹ ነው ብለው ነው የወሰዱት።

የኮሪያ ድራማ አብዛኛውን ጊዜ አሥራ ስድስት ክፍል ነው። ልጁ አሥራ አምስት ጫነልኝ።

አሥራ አምስተኛው ክፍል የሚያልቅበትን ቦታ መቼም አልነግራችሁም። ልጅቷ ዝናብ ላይ ቆማለች። ልጁ ከመኪናው ወርዷል። እናትየው ደብቃው የኖረችው ደብዳቤ ወጥቷል። ተያይተው፣ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ የሠራተኞቹ ስም መውረድ ይጀምራል። ሙሽሪትንም፣ ሙሽራውንም፣ አያትየዋንም፣ ሲመቸው ውሻውንም በዚያው በአንድ ወፍራም ድምፅ የሚናገርልን ተርጓሚ "በሚቀጥለው ክፍል እንገናኝ" ብሎ ተሰናበተ። አልተገናኘንም።

በማግስቱ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ አሥራ ስድስተኛው የለም።"

"አሥራ አምስት ያለው አሥራ ስድስት እንዴት ያጣል?"

"ፋይሉ ተበላሽቷል።" ትንሽ ቆየና፣ "ፍላሽዎትም ሞልቶ ነበር" አለ። የኔን ፊት አይቶ ደግሞ አጽናናኝ፦ "እንዲያው ለነገሩ ጋሼ፣ መጋባታቸው ይታወቅ የለ? ሌላ ልጫንልዎት።"

መጋባታቸው ይታወቅ የለ! ይህን አባባል ይዤ ቡና ወደምንጠጣበት ቤት ሄድኩ፤ እዚያ ደግሞ የባሰ ገጠመኝ። አንድ ወዳጄ፣ ደህና ሰው፣ ስኒውን አስቀምጦ "የሰው አገር ልቅሶ ያስለቅስህ ጀመር?" አለኝ። በሱ ቆጠራ ይህ በሽታ የገባው በ2008 ዓ.ም.፣ ቃና ቴሌቪዥን የቱርኮቹን ድራማ በአማርኛ አፍ ካስፈታበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ሁላችንም ጨዋ ነበርን።

ነበርን እንዴ? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው መጡና "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ከዚያ ቀደም ብሎ የወጣው የ1923ቱ ሕገ መንግሥታችን የጃፓኑን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ተከትሎ የተሠራ ነው፤ ፍላሽ አልነበረም እንጂ መጫኑስ ያኔም ተጭኗል። ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ.ም. "ጃፓን እንደምን ሠለጠነች" ብለው ሌላ መጽሐፍ ጨመሩ። እነዚህን ሁሉ የሰው አገር አድናቂ ብሎ የሚሰድብ ካለ ይቅረብ።

ደግሞ ድራማውም ቢሆን ያኔውኑ ተጀምሯል። ከኅሩይ ጋር ጃፓን ከሄዱት አንዱ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ልጅ አርአያ አበበ ነበሩ። ወጣት ናቸው፣ የቤተ መንግሥት ሰው ናቸው፤ ጃፓናዊት ማግባት አማራቸው። ይህ ክፍል አንድ ነው። በክፍል ሁለት አንድ የቶኪዮ ጠበቃ ነገሩን ያዘው፤ ወሬው በጋዜጣ ወጣ፤ "እኔ አለሁ" የሚሉ ሴቶች ተነሡ። ከነሱ መካከል የመኳንንት ልጅ፣ የቪስካውንት ኩሮዳ ልጅ ማሳኮ ተመረጠች። የዓለም ጋዜጦች ተቀባበሉት። ክፉ አማት የሌለችበት የእስያ ድራማ ደግሞ የለምና፣ አማትየዋን ሆና ኢጣልያ ገባች፤ ኢትዮጵያና ጃፓን መቀራረባቸው እንቅልፍ ነሥቷታል። በ1926 ዓ.ም. ጋብቻው ቀረ። የኢጣልያ እጅ አለበት ተባለ፤ ሌላ ሌላም ተባለ። በመስከረም 1928 ኢጣልያ ራሷ በጦር መጣች። ማሳኮ ምን ተሰማት? ልጅ አርአያስ ተከፉ ወይስ ተገላገሉ?

አሥራ ስድስተኛው የለም።

"ይሄ መሠራት አለበት" አልኩት ወዳጄን። "የኛም የነሱም ተዋንያን ገብተውበት፣ አሥራ ስድስት ሙሉ ክፍል። ቤተ መንግሥቱ እዚሁ ነቀምት፣ የኩምሳ ሞረዳ ግቢ ይቀረጽ።"

"ታሪኩ የአዲስ አበባና የቶኪዮ ነው እኮ።"

"ወጪ ይቀንሳል። ለሠርጉም ቡናው እዚሁ አለ።" ቡናችን ደግሞ ለጃፓኖች እንግዳ አይደለም፤ እዚያ ያሉ ቡና ቆዪዎች "ሞካ ሌከምፕቲ" እያሉ የሚሸጡት ይኸንኑ የወለጋ ቡና ነው። የቶኪዮው ሰውዬ የኛን ቡና ይዞ አሥራ ስድስቱንም ክፍል ያያል፤ ቡናው የተለቀመበት አገር ሰው አሥራ አምስት ላይ ይቆማል። ስለ ኮሪያማ ምን ልንገረው? ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6,000 በላይ የቃኘው ወታደር ዘምቶበት፣ ከ120 በላይ ሞቶበታል። አያት ኮሪያ ተዋግቶ ዕንባውን ሳያሳይ ተመለሰ፤ የልጅ ልጅ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ለኮሪያ ያለቅሳል። የሩቅ ዘመድ አይደለንም ማለቴ ነው።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ "እሺ፣ አሁን የአንድ ድራማ መጨረሻ ባታይ ምን ትሆናለህ?" አለኝ።

እዚህ ላይ ሆዴ ተቆጣ።

"ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ" የሚባል የኮሪያ ድራማ አለ። በሰማይ ስትንሳፈፍ ነፋስ ጠልፎ ሰሜን ኮሪያ የጣላት የደቡብ ኮሪያ ባለጸጋ ልጅና አንድ የሰሜን መኮንን ይዋደዳሉ፤ መሀላቸው ድንበር ነው፤ ስልክ እንኳ መደዋወል አይችሉም። የተላለፈው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት 2012 ዓ.ም. ነው። ዓለም ለሁለቱ ሲያለቅስ፣ እኛ ዘንድ ምን ነበር? ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ መጋቢት በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተዘግቶ ነበር። እኛ የምሥራቅ ወለጋዎቹ ኢንተርኔት አጥተን፣ ስልኩ በትልልቅ ከተሞች ስለሚሠራ ዕድለኛ ተባልን። ቄለም ያለች ልጅ ትውለድ አትውለድ እናቷ አታውቅም። ሰው መንገድ ይወጣል፤ ደረሰ አልደረሰ ብሎ የሚነግር የለም። ለቅሶ በአሥራ አምስተኛ ቀኑ ይሰማል። ይህን በኋላ መጥቶ ፍላሽ ላይ የሚጭንልን ልጅ አልነበረም፤ ያመለጠው ክፍል አምልጦ ቀረ። እና መጨረሻውን ባታይ ምን ትሆናለህ የሚለኝ ሰው ይታገሠኝ። የእውነቱን መጨረሻ ሳይነግሩን ያለፈ ስንት ነገር አለ፤ የውሸቱን እንኳ ይጨርሱልን!

ሳላስበው ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ቡና የምትቀዳው ልጅ ዞር ብላ አየችኝ። ወዳጄ ስኒውን ትንሽ አዟዟረ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ሁለቱ ግን... ተጋቡ?" አለ።

"ተዋንያኑ በእውነት ተጋብተዋል፤ በመጋቢት 2014።"

"ተመስገን" አለና ሒሳቡን ከፈለ።

እንደኔ የማይቆጡ ሰዎችም አሉ። የቤት አከራዬን ሰፈሩ ሁሉ አዴ ይላቸዋል። ያንኑ ለኔ የተጫነልኝን ድራማ፣ ከዚያው ልጅ፣ ያንኑ አሥራ አምስት ክፍል አስጭነው ከልጃቸው ጋር አይተዋል፤ አማርኛው ሲፈጥንባቸው ልጅቷ በኦሮምኛ ትነግራቸዋለች። አሥራ ስድስተኛው ቢጠፋ ምንም አልመሰላቸውም፤ ራሳቸው ሠሩት። ባለፈው እሑድ ቡናው ሁለተኛ ሲወርድ ለጎረቤት ሲተርኩ ሰማሁ። ሴኡል መሀል ጃርሳ ቢያ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ግራ ቀኙን ሰሙ። እናትየዋ ደብዳቤ በመደበቋ ካሣ ተፈረደባት፤ ተንበርክካም ልጅቷን ይቅርታ ለመነች። ሰንጋ ታረደ። ጎረቤቶቹ በየመሀሉ "እሰይ!" ይላሉ። አንዲት ወጣት ብቻ "አዴ፣ እኔ እኮ በቴሌግራም አይቼዋለሁ፤ እንደዚያ አይደለም" ብላ ልትቃወም ሞከረች።

"አንቺ ያየሽው የተቆረጠውን ነው ልጄ" አሏት፤ ሦስተኛውን ቀዱላት።

እሳቸው ግን ያልቻሉት አንድ አለ፤ የልጅ ልጃቸው። ልጁ ድራማ አያይም፤ ማንጋ ነው የሚያነበው። ሌሊት ብርድ ልብሱ ሥር ስልኩን ሸሽጎ "ዋን ፒስ" ይላል፤ የደብተሩ ጀርባ ሁሉ የገለባ ባርኔጣ ባደረገው በሉፊ ሥዕል ተሞልቷል። "ይሄስ መቼ ነው የሚያልቀው?" ብለው ጠየቁኝ አዴ፤ ልጁን ለመገሠጽ ይሁን መጨረሻውን ሊሠሩለት አስበው አልገባኝም። አጣርቼ ነገርኳቸው። ደራሲው ኤይቺሮ ኦዳ የጀመረው በሐምሌ 1989 ዓ.ም. ነው፤ የልጁ ወላጆች ገና አልተዋወቁም ነበር። ከመቶ ቅጽ በላይ ወጥቶታል፣ አሁንም አላለቀም። ያልጀመራችሁ ካላችሁ አትጀምሩ።