ደካማ መኪና የሌለበት ከተማ

በነገሌ ቦረና ደካማ መኪና የለም። ካላመናችሁ ባለቤቶቹን ጠይቁ። ላንድክሩዘሩ «ዛፍ ይነቅላል»፤ ኢሱዙው «ዳገት አያውቅም»፤ ባጃጁ እንኳ ሦስት ሰው ከኋላ፣ አንድ ሰው ከሹፌሩ ጎን፣ አንዲት ፍየል ደግሞ እግር ሥር ጭኖ «ምንም አይሰማውም» ይባልለታል። ፍየሏ ምን እንደሚሰማት የጠየቀ የለም። ነገሩ የነገሌ ብቻ አይደለም። ከያቤሎ እስከ ሞያሌ፣ ከፊልቱ እስከ ዶሎ ኦዶ በየሻይ ቤቱ በረንዳ የሚወራው የፈረስ ጉልበት ቢደመር የገናሌን ወንዝ ሽቅብ ወደመጣበት ደጋ ይመልሰዋል።

ይህን ሁሉ ጉልበት ማን ለካው? የቆላው መለኪያ ሁለት ነው፤ ጩኸትና ጭስ። የጮኸ ጠንካራ ነው፤ የጨሰ ደግሞ ከጠንካራም ጠንካራ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ቁጭ ብዬ ወረፋዬን ስጠብቅ አንድ ወጣት ቪትዙን እያስጓራ ገባ። ማርሚታዋን አስወልቆ በምትኩ ክንድ የሚያክል ቱቦ አስበይዶላታል። ነዳጅ ሲረግጥ በአጥሩ ጥግ የሚያልፉ ግመሎች አንገታቸውን አዙረው አዩት፤ ግመል ንቆ ሲያይ ደግሞ ያሸማቅቃል።

«ጋሼ፣ አሁን ስንት ፈረስ የሆነች ይመስልዎታል?»

አዛውንቱ መካኒክ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጥቂት አዳመጡ።

«ፈረሱ ያው ነው፤ ጩኸቱ ነው የጨመረው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ከድሮው እኮ ትበራለች!»

«የበረረው ጆሮህ ነው ልጄ።»

ልጁ አልተዋጠለትም። እውነት ለመናገር የአንድ ሊትሯ ቪትዝ ከፋብሪካ ስትወጣ ጉልበቷ 70 ፈረስ ገደማ ነው። የጭስ መውጫዋ ሲቀየር ጥቂት ልትጨምርም፣ ጥቂት ልትቀንስም ትችላለች። የትኛው እንደሆነ ግን ጆሮም ካቻቢቴም አይነግረንም።

ይህን ክርክር የሚዳኝ ማሽን አለ። ዳይናሞሜትር ይባላል፤ የመኪና እሽቅድምድም ሰዎች አሳጥረው ዳይኖ ይሉታል። መኪናው በወፍራም ቀበቶ ከወለል ጋር ይታሰራል፤ የሚነዱት ጎማዎች ከባድ ሮለር ላይ ይቀመጣሉ፤ ፊት ለፊቱ ትልቅ ማራገቢያ ይቆማል። ሹፌሩ አብዛኛውን ጊዜ አራተኛ ማርሽ ያስገባና ነዳጁን እስከ ወለሉ ይረግጣል። ማሽኑ ክብደቱ የታወቀውን ሮለር ጎማው በምን ያህል ፍጥነት እንዳስነሳው ያሰላል፤ ወይም ሮለሩን በኤሌክትሪክ ፍሬን እየያዘ ጎማው የሚገፋበትን ኃይል ይመዝናል። መኪናው ባለ በሌለ ጉልበቱ ይሮጣል፤ አንድ ስንዝር ግን አይሄድም። እንዲህ ያለው ሩጫ ቢሮ ለሚውል ሰው እንግዳ አይደለም።

እኛ የምናውቀው ሮለር የቦሎ ምርመራውን ነው። እዚያ ማሽኑ ጎማውን ያዞራል፣ ሹፌሩ በፍሬን ያቆማል። ዳይኖ ላይ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጎማው ያዞራል፣ ማሽኑ ይታገላል። አንደኛው መቆም መቻልህን፣ ሁለተኛው መሄድ መቻልህን ይጠይቃል። ከብት፣ ፍየልና ግመል እንደ ልብ በሚያቋርጡት የእኛ መንገድ የመጀመሪያው ጥያቄ ይበልጣል ባይ ነኝ።

የሐሳቡ አባት ፈረንሳዊው ጋስፓር ደ ፕሮኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1821 የሚሽከረከር ዘንግን በእንጨት ጥርስ ቆንጥጦ ይዞ፣ ዘንጉ ስንት ክብደት እንደሚታገል በረጅም ክንድ ለካ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ዘመነ እንጂ ሕጉ አልተለወጠም። ጉልበት የሚታወቀው የሚታገለው ነገር ሲያገኝ ነው። ባዶውን የሚያጓራ ሞተር ስለ ራሱ ምንም አልተናገረም።

ቦረና ይህን ለማወቅ ፕሮኒን አልጠበቀም። ዱብሉቅና አካባቢው ወዳሉት ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች የወረደ ሰው ሞተሩን በዓይኑ አይቷል። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ በዜማ ውኃውን ለከብቱ ያወጣሉ። እስቲ እንቁጠረው። በመለኪያው ደንብ አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ማንሳት ነው። ባልዲው 8 ኪሎ ውኃ ቢይዝ፣ አንዱ ወጣት በየሁለት ሰከንዱ 1 ሜትር ከ75 ከፍ አድርጎ ቢያቀብል፣ የሰውዬው ጉልበት በሰከንድ 7 ኪሎ በአንድ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ አንድ ፈረስ ለመሙላት ወደ አሥራ አንድ ወጣት ያስፈልጋል። በየበረሃው የምናየው ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ የተባለው ላንድክሩዘር፣ ባለ 4.2 ሊትሩ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ፣ 130 ፈረስ ገደማ አለው። ኮፈኑ ሥር 1,400 ገደማ ወጣት እየዘፈነ ነው ማለት ነው። ቁርስ የሚጠይቁት ደግሞ በናፍጣ ነው።

የዳይኖ ወረቀት ላይ ያሉት ሁለት መስመሮችም እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ አሉ። የባልዲው ክብደት ቶርክ ነው፤ የዜማው ፍጥነት ደግሞ የሞተሩ ዙር። የፈረስ ጉልበት የሁለቱ ብዜት ነው። ዜማው ሲፈጥን የሚወጣው ውኃ ይጨምራል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ባልዲው ሳይሞላ ይነሳል፤ ውኃው መንገድ ላይ ይፈሳል። ሞተርም ዙሩ ሲበዛ ሲሊንደሩን በአየር ለመሙላት ጊዜ ያጥረዋል፤ መስመሩ ጫፍ ደርሶ ቁልቁል ይታጠፋል። ጎበዝ ሹፌር ማርሽ የሚቀይረው መስመሩ ሲታጠፍ ነው፤ የእኛ ቪትዝ ጎረምሳ የሚቀይረው ግን ሰው ዞሮ ሲያየው ነው።

ነገሌ የዜሮ ፈረስ ጉልበትን ዋጋም አሳምራ ታውቃለች። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚህ የሰፈረው ጦር የውኃ ፓምፕ ተበላሸበት። መኮንኖቹ የራሳቸውን ጉድጓድ ለወታደሩ ከለከሉ። ወታደሩ አመፀ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ጉዳዩን እንዲያዩ የላኳቸውን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዞ እሱ የሚበላውን አበላቸው፣ የሚጠጣውን አጠጣቸው። ይህ አመፅ ከአብዮቱ መነሻዎች አንዱ ሆኖ ታሪክ ገብቷል። የአንድ ፓምፕ መካኒክ በሰዓቱ ቢገኝ ኖሮ የሚሉ ሽማግሌዎች ቢኖሩ አይፈረድባቸውም።

አሁን ወደ ትልቁ የጉራ ምንጭ እንምጣ፤ ከፍታ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ፣ በባሕር ዳርቻ 100 ፈረስ የነበረው አዲስ አበባ ላይ ወደ 75 ይወርዳል። ነገሌ ግን 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ወደ 85 ያገግማል። ሙቀቱ ጥቂት ይመልስበታል፤ አየሩ በሦስት ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ወደ አንድ በመቶ ይሳሳልና። ተቀናንሶም ከአዲስ አበባ የወረደ መኪና መፍቻ ሳይነካው ከአሥር አንድ እጅ ያህል ይጠነክራል። ባለቤቱ ታዲያ ምን ይላል? «ያ መካኒክ እጁ ይባረክ!» መካኒኩ ዘይት ብቻ ነው የቀየረው። በባሌ በኩል አራት ሺህ ሜትር የሚያልፈውን ሳነቲን አቋርጦ የመጣው ደግሞ እላይ ጥቁር ጭስ ሲተፋ ውሎ ቆላ ሲገባ ስለሚታደስ፣ ምስጋናውን በስለት ይከፍላል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የበዙት ኤሌክትሪክ መኪኖች ይህ ሁሉ አያገባቸውም፤ ሞተራቸው አየር ስለማይስብ ሳነቲም ነገሌም ለእነሱ አንድ ነው። ነገሌ ላይ ቻርጅ የት ይደረጋል ብላችሁ ብቻ አትጠይቁኝ።

ዳይኖ ይህን ስለሚያውቅ የአየሩን ሙቀትና ግፊት ለክቶ ውጤቱን ወደ አንድ ደረጃ ያመጣል። በአሜሪካኖቹ መለኪያ ደረጃው 25 ዲግሪ ሙቀትና 990 ሚሊባር ግፊት ነው። ጉረኛ ግን እዚህም ቀዳዳ ያገኛል። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ራሱ ስለሚያምቅ በከፍታ ብዙ አይጎዳም፤ ያልጎደለበትን ማካካሻ ሲደምሩለት ግን ወረቀት ላይ አንበሳ ይሆናል። ቁጥሩ የተነበበው ጎማው ላይ ነው ወይስ ሞተሩ ላይ ተብሎ መጠየቅም አለበት፤ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ መሀል ላይ ድርሻቸውን ይቆርጣሉ።

ጉልበት የመጨመሩ ሥራማ ትዕግሥት ነው። መጀመሪያ መኪናውን እንዳለ ይለካሉ፤ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣሉ፤ መልሰው ይለካሉ። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ለአንድ እጅ ነዳጅ ወደ 13 እጅ አየር ያደርሱለታል፤ የካንዴላውን እሳት ጥቂት በጥቂት ያስቀድማሉ፤ ቶርኩ መጨመር ሲያቆም ወይም ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር ይመለሳሉ። ይህ ጥንቃቄ የነዳጁን ጥራት ለሚያውቅ ነው። መንገድ ዳር በሃይላንድ ተደርድሮ ፀሐይ ሲመታው የዋለውን ቤንዚን ቀድቶ እሳት ማስቀደም ግን ፒስቶን ላይ መፍረድ ነው።

የእኛ ዘዴ አጭር ነው፤ «ፓምፑን ክፈትልኝ!» መካኒኩ የናፍጣ ፓምፑን ቡሎን ያዞራል፤ ጥቁር ጭስ ይንቦለቦላል፤ ባለቤቱ ፈገግ ይላል። ያ ጭስ አየር አጥቶ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ ገንዘቡ ነው በጭስ ማውጫ የሚወጣው። ሙቀቱም ከልክ ሲያልፍ ቴስታታና ፒስቶን ይበላል። በሌላ በኩል አዛውንቱ መካኒክ የአንዱን ላንድክሩዘር የአየር ፊልትሮ አውጥተው መሬት ላይ መታ መታ ሲያደርጉት የወጣው ቀይ አፈር በቆሎ ያበቅል ነበር። የጠፋው ጉልበት የተቀበረው እዚያ ነው።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ነገ አንዱ ሻይ ቤት ላይ «የኔ መኪና ሁለት መቶ ፈረስ ነው» ሲላችሁ አትከራከሩት። የት ከፍታ ላይ፣ በምን ሙቀት፣ ስንት ኩንታል ጭኖ፣ በማን መለኪያ ብላችሁ ብቻ ጠይቁት፤ ሻዩን እሱ ይከፍላል። የራሳችሁ መኪና ከደከመባችሁ ደግሞ ቱርቦ ከመግዛታችሁ፣ ፓምፕ ከማስከፈታችሁ በፊት ፊልትሮውን አጽዱ፣ የጎማውን አየር አስለኩ፣ ከላይ የተጫነውን ትርፍ ኩንታል አውርዱ። ከዚህ የረከሰ የፈረስ ጉልበት በነገሌም በአዲስ አበባም አይሸጥም።